የገሳይ ወፍጮ ቴስታታ እስኪበርድ የዘገየ የሐዘን መግለጫ

የማኅበራችን መሥራች አባልና ዋና በያጅ አቶ ዘውዱ ወልደሚካኤል ባደረባቸው ሕመም መስከረም 29 ቀን 1979 ዓ.ም. ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የደብረ ታቦር ጥረት የብረታ ብረት ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር የተሰማውን መሪር ሐዘን ይገልጻል። መግለጫው ከሰልስቱ በኋላ የወጣው በቸልተኝነት አይደለም፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ተገልጿል።

ሟቹ በጉና ግርጌ ተወልደው፣ በጎልማሳነታቸው ጎንደር ወርደው ከአንድ ጋራዥ ብየዳ ተምረዋል። በ1970 ዓ.ም. ማኅበራችን ሲመሠረት የራሳቸውን ወናፍ ይዘው ገብተዋል። ወናፉንም እስከ ዕለተ ሞታቸው ለማንም አላስነኩም።

በተለይ የሚታወቁት ጊዛ በሚባለው፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ተቀድቶ በሚሠራው ብረት ጥገና ነበር። ጊዛ ብርቱ ቢመስልም አኩራፊ ነው። ከብየዳ በፊት በእሳት መሞቅ፣ ከብየዳ በኋላም ረመጥና የገብስ ገለባ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ መብረድ አለበት። ከተጣደፈ የብየዳው ስፌት ነጭና ደረቅ ሆኖ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ከታገሡት ግን ግራጫ ሆኖ ሞረድ ይቀበላል።

ይህን ሁሉ እያወቁ፣ በ1973 ዓ.ም. አንድ የበላይ እንግዳ ሊጎበኙን ሲመጡ ሥራቸውን ለማሳየት ቸኩለው አንድ የሞተር አካል ሳይበርድ ያወጡት ራሳቸው ሟቹ ናቸው። በእንግዳው ንግግር መካከል ብረቱ «ጧ!» አለ። እንግዳው ተኩስ መስሏቸው ጠረጴዛ ሥር ገቡ፤ ንግግሩም በዚያው ተፈጸመ።

ከዚያ ወዲህ ብረቱ ከተቀበረበት የረመጥ ክምር አጠገብ መደብ ሠርተው ይጠብቁ ጀመር። በ1976 ዓ.ም. ለስብሰባ ደጋግመው ቢጠሩ «ብረቱ ይብረድና እመጣለሁ» በማለታቸው ስብሰባው ወደ እርሳቸው መጥቷል። ወቅቱ የውርጭ ስለነበር ተሰብሳቢው ክምሩን ከቦ ሲሞቅ ዋለ። ያን ያህል ሰው እስከ መዝጊያው የቆየበት ስብሰባ በማኅበራችን ታሪክ የለም።

ባለፈው መስከረም የገሳይ ወፍጮ ሞተር ቴስታታ፣ ማለትም ከጊዛ የተሠራው የሞተሩ ክዳን፣ ተሰነጠቀ። በአካባቢው ሌላ ወፍጮ ስለሌለ እናቶች ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለሱ። ሟቹ ታመው ሳለ በሰው ተደግፈው በየዱት፤ ቀብረውም «እኔ በርዷል ሳልል የሚነካው ሰው ወየውለት!» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ ማለዳ ዐረፉ።

እርሳቸው በዕለቱ ሲቀበሩ ብረቱ ገና ትኩስ ነበር። አሁን በርዷል የሚለው ማን ነው? ሥራ አመራሩ ተሰብስቦ መስማማት ተሳነው። የገሳይ ሰዎች በቶሎ እንዲወጣ ለመኑ፤ የተዝካሩ እህል የሚፈጨውም እዚያው ነበርና ከእኛም ብዙዎች ደገፏቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ እመቤቴ ግን ከለቅሶው ቤት ተነሥተው መጡና «እሱ ለራሱ ቸኮለ እንጂ ለብረቱስ አልቸኮለም። እጃችሁን ሰብስቡ!» አሉን። ሰበሰብን።

በሰልስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ሥራ ቦታችን መጣ። ወይዘሮ እመቤቴ መዳፋቸውን አመዱ ውስጥ ሰድደው ብዙ ቆዩ። «በርዷል» አሉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ሞላ አስረስ ብረቱን አውጥተው በመዶሻ መታ ሲያደርጉት ድምፁ እንደ ደወል ጠራ። ከገሳይ የመጡት እናቶች እልል አሉ። ወዲያው ደንግጠው አፋቸውን ያዙ፤ ወይዘሮ እመቤቴ ግን «እልል በሉለት እንጂ» ብለው ራሳቸው ቀጠሉ። ማኅበራችን በዚያች ሰዓት አለቀሰ።

ወፍጮው ዛሬ ሥራ ጀምሯል። ወረፋ የያዙት ሁሉ ተስማምተው በቅድሚያ የተፈጨው የአቶ ዘውዱ የተዝካር እህል ነው።

ወይዘሮ እመቤቴ፣ ልጆቻቸው፣ የሥራ ጓዶቻቸው፤ «በርቱ፣ ቶሎ ተጽናኑ» ብለን አናጣድፋችሁም። ሐዘናችሁ እንደ እርሳቸው ሥራ ቀስ ብሎ ይብረድ።

ጥቅምት 2 ቀን 1979 ዓ.ም.
ደብረ ታቦር