ሰባተኛው ሰው

ይድረስ ለውድ እህት ዓለሜ ለሞሪን፤

እንዴት ነሽልኝ? እንደምን ከርመሻል? ዳሌሽን ከተቀየርሽ ወዲህ ደረጃ መውጣቱ እንዴት ይዞሻል? ባልሽ ዴሪክስ ያ ሳሉ ለቀቀው ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ ትራክተር ሲያንደቀድቅ ያድራል? ልጅሽ ኮሊን፣ ሚስቱ፣ መንትዮቹ፣ ጫማ የሚበላው ውሻችሁ ሳይቀር ደህና ናቸው ወይ? እኔ ከጉልበቴና ከሰው ልጅ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም፤ ተመስገን ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አንድ ወር አለፈው። ቶሎ ያልመለስኩልሽ ንቄሽ አይደለም፤ የምንቀው ሰው በዝቶብኝ ነው። "የክሪኬት ክበባችን ሦስተኛው ቡድን አሁንም አለ ወይ?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። አለ። እንዴት እንዳለ ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። አሥራ ስምንት ዓመት የነጥብ መዝገቡን ይዘሽልን ስለነበር ከአንቺ የሚደበቅ ገመና የለም።

ዘንድሮ ገና በግንቦት ሁለት ጊዜ ፎርፌ ሰጠን። አንዴ በሠርግ፣ አንዴ በቴሌቪዥን ኳስ ምክንያት ሰው ጠፋ። ሦስተኛ ከደገምን ሊጉ ከነስማችን ይሰርዘናል፤ ደንቡ ነው። ሦስተኛው ቡድን ከተሰረዘ ደግሞ እኔ የት እገባለሁ? ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ሁለተኛው ቡድን ውሃ አቀባይ እንኳ አያደርገኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ባለቤቴ ሊሊያን ከሞተች ወዲህ ሳምንቱ ውስጥ ከቅዳሜ ሌላ ቀን የለኝም። ይህን ለሌላ ሰው አልናገርም።

ሊቀመንበራችን አሁን ሮላንድ ፒከርስጊል ነው፤ ያ ምንጣፍ ሻጩ። ድንቄም ሊቀመንበር! በዕድሜው የክሪኬት ዱላ የጨበጠው ለፎቶግራፍ ብቻ ነው። የታችኛውን ሜዳችንን የሠርግ ድንኳን ሊተክልበት ቋምጧል፤ እዚያ የምንጫወተው እኛ ብቻ ስለሆንን እንቅልፍ የነሳነው እኛ ነን። ባገኘኝ ቁጥር ትከሻዬን ይዞ "ኔቪል፣ እንደው ክብርህን ይዘህ ብትተወው" ይለኛል። ክብርን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ይመስል።

የአንደኛው ቡድን አምበል ደግሞ ጃስፐር ተኒክሊፍ የሚባል፣ ፀጉሩን ቅባት የሚያጠጣ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው። ሰው ሲጎድልበት ከሁለተኛው ቡድን ይወስዳል። ሁለተኛው ከእኔ ይወስዳል። እኔስ ከማን ልውሰድ? ከመቃብር? አንድ ቀን "አንተ ልጅ፣ እኔም እኮ ግጥሚያ አለብኝ" ብለው "የእናንተም ግጥሚያ ይባላል እንዴ፣ ጋሼ?" አለኝ። ጋሼ ማለቱ ደግሞ አስተዳደግ እንዳለው ለማሳየት ነው።

እንግዲህ ያለፈው የሰኔ መጨረሻ ቅዳሜ በገዛ ሜዳችን ከስቴንቤክ ጋር ነበርን። ዓርብ ጠዋት አሥራ አንድ ስም ነበረኝ። ከምሳ በፊት ከላይ ያሉት ቡድኖች ሁለቱን ወሰዱብኝ። ከዚያ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ዱድሊ ሶፋ ሊያመጣ ሊድስ ይሄዳል አሉ። ቅዳሜን ጠብቆ የሚሸጥ ምን ዓይነት ሶፋ ነው? የጋራዡ ልጅ ባሪ ደግሞ ሚስቱ ያረገዘችው ወንድ ይሁን ሴት የሚገለጥበት ድግስ አለብኝ አለ። ስሚኝማ፣ በእኛ ጊዜ ይህ ነገር የሚገለጠው ሲወለድ ነበር! አሁን ፊኛ ፈንድቶ ቀለም ካልተረጨባቸው አያምኑም። ሦስተኛው "ነገ በጣም ይሞቃል ብለዋል" ብሎ ቀረ። ዓመቱን ሙሉ ዘነበብን ብለው ይቀራሉ፤ ፀሐይ በወጣችባት በአንዷ ቀን ደግሞ ሞቀን ይላሉ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ የተባለው ለእነዚህ ነው። በግልጽ "አልመጣም" ቢሉኝ እኮ አከብራቸው ነበር። ብቻ ምን አለፋሽ፣ ስድስት ቀረን። ለመጀመር የግድ ሰባት ሰው ያስፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ የስቴንቤኩ አምበል ጄፍሪ ሄብልዌይት ደወለ። መቼም አልረሳሽውም፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት አርባ ዘጠኝ ሩጫ ላይ ሆኜ፣ ሃምሳ ልሞላ አንድ ነጥብ ሲቀረኝ፣ መሬት የነካችውን ኳስ "በአየር ላይ ያዝኳት" ብሎ ምሎ ያስወጣኝ ያ ቀጣፊ ነው። መዝገቡ ላይ የጻፍሽው አንቺው ነሽ። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ገብቼ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም ለሰውዬው ደህና ቃል ተናግሬው አላውቅም። "ኔቪል፣ ሜዳው እንዴት ነው?" አለኝ። በእኛ ሊግ ይህ ማለት "ፎርፌ ልትሰጠኝ ነው ወይ?" ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። "እንደ ምንጣፍ ነው" አልኩት። "ስንት ናችሁ?" አለ። "አሥራ አንድ፤ አንድ ተጠባባቂም አለን። እናንተስ?" "እኛማ ማንን እንደማስቀር ጨንቆኛል" አለኝ፣ ውሸታም! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሱም እንደ እኛ ሁለቴ ፎርፌ ሰጥቶ በገመድ ላይ ነው የቆመው። መጀመሪያ "ሰው የለኝም" ያለው ነው የሚሞተው። ስለዚህ ሁለታችንም በትሕትና ተሰነባብተን ስልኩን ዘጋን።

ቅዳሜ ፀሐይዋ ድንጋይ ታቀልጥ ነበር። እኔ ሣሩን አጭጄ፣ መስመሩን በኖራ አስምሬ፣ ሳንድዊቹን ቆራርጬ ጨረስኩ። ኢምቲያዝ ታክሲውን ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ፣ ቤቱ እንኳ ሳይገባ መጥቶ አግዳሚው ላይ ከነጫማው ተኝቷል። ይህን አንድ ሰው አልንቀውም። አንድ ጆሮው የማይሰማው ሂዩበርትም አለ። የቀሩትን ሦስቱን አታውቂያቸውም፤ ብታውቂያቸውም ምንም አይጨምሩልሽ። ወዲያው የስቴንቤክ መኪናዎች መጡ። ከመጀመሪያው ሦስት ወረዱ፣ ከሁለተኛው ሁለት፣ ከሦስተኛው ሄብልዌይት ብቻውን። ስድስት! እኔ እነሱን በዓይኔ ቆጠርኩ፣ እሱም እኛን በዓይኑ ቆጠረን። ከዚያ ሁለታችንም ሰማይ ሰማዩን ስናይ ቆየን፤ የአሥራ ሁለት ሰው ጉልበትና ወገብ ተሰብስቦ፣ ሁሉም አንገቱን አስግጎ መንገድ መንገዱን ያያል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሰባት ሰው ያላቆመ ተሰረዘ ማለት ነው።

መንገዱ ያመጣልን ማንን መሰለሽ? ፒከርስጊልን! ታጣፊ ወንበሩን በብብቱ፣ ጋዜጣውን በኪሱ ይዞ፣ የሣር ባርኔጣውን ደፍቶ መጣ። ለቅሶ ደራሽ ሬሳው እስኪወጣ ይታገሣል፤ ይህ ሰው ግን ቡድናችን ሳይሞት ሜዳውን በእርምጃ መለካት ጀመረ። እውነቴን ነው፣ አርባ ብሎ ቆጥሮ በጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጻፈ፤ ለድንኳኑ መሆኑ ነው። ከዚያ ወንበሩን ዘርግቶ ተቀመጠና "አይዞህ ኔቪል፣ ሁሉም ነገር ማለቂያ አለው" አለኝ። እጄ ላይ ዱላ ነበር። አልመታሁትም፤ ይህ ይጻፍልኝ።

ለሰባት ሰዓት ተኩል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሄብልዌይት ወደ መኪናው ሄዶ መስኮቱን አንኳኳ። ዓይኑ ስለደከመ ሚስቱ ብሬንዳ ናት የምትነዳለት፤ ውስጥ ሆና ሹራብ ትሠራ ነበር። ሹራቧን አስቀምጣ ወረደች፣ የእሱን ትርፍ ባርኔጣ አጠለቀች፣ መጥታ ከሰዎቹ ጎን ቆመች። ስሟ ከተመዘገበ ዓመታት አልፎታል። ሰባት ሆኑ! አለቀልኝ አልኩ። ቅዳሜዬን ይህ ቀጣፊ ሊወስዳት ነው አልኩ።

ወደ እኔ መጣ። ሊሳለቅብኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። እሱ ግን በአገጩ ወደ ፒከርስጊል እያመለከተ "ያ ባርኔጣ ተመዝግቧል?" አለኝ። ተመዝግቧል። ሚያዝያ ላይ ሰው ስለቸገረኝ እስትንፋስ ያለውን ሁሉ ነው ያስፈረምኩት፤ እሱም ቢራ ቤቱ ውስጥ በሁለት ብርጭቆ መካከል ሳያነብ ፈርሟል። "ታዲያ ምን ይገትርሃል? ደንቡ ሰባት የተመዘገቡ ሰዎች ሜዳው ላይ ይገኙ ነው የሚለው። ይጫወቱ አይልም። ይውደዱትም አይልም" አለኝ። "ለምንድን ነው የምትነግረኝ?" አልኩት። "አንተ ከተሰረዝክ ማንን ላሸንፍ ነው?" አለና አፍንጫውን ነፋ። በደግነት ውስጥ እንኳ ስድብ የማያጣ ሰው ነው።

ቀስ ብዬ ለሂዩበርት በደህናው ጆሮው ነገርኩት። ሂዩበርት ግን ቀስ ማለትን የት ያውቃል? "ምን? ፒከርስጊል ነው ሰባተኛችን?" ብሎ ሲጮህ ሸለቆው አስተጋባ። ሊቀመንበሩ ብድግ አለ። ነገሩ የገባው መጀመሪያ በፊቱ፣ ቀጥሎ በእግሩ ነው። ወንበሩን በብብቱ ወትፎ ወደ በሩ ሮጠ! የምንጣፍ ሰው ሲሮጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? ወንበሩ ተዘርግቶ እግሩ መሐል ገባ፤ ተደናቀፈ፤ ባርኔጣው በረረ፤ ለባርኔጣው ሲል ደግሞ ተመለሰ። "ሰዓቱ ደርሷል፣ ሳንቲሙን ጣለው!" አለኝ ሄብልዌይት። ጣልኩት። ሳንቲሙ ሣሩን ሲነካ ሊቀመንበራችን ከበሩ ለመውጣት ሁለት እርምጃ ቀርቶት ነበር፤ ገና ሜዳው ላይ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጨዋታውን ተይው፣ ተሸነፍን። እኔ አራት ሩጫ ሮጬ ወጣሁ። ብሬንዳ ሁለት ሰው አስወጣችብን፤ ከሁለቱ አንዱ እኔ ነኝ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ግን ተሸነፍን እንጂ ፎርፌ አልሰጠንም፤ በሕይወት አለን። ፒከርስጊል በንዴት ለሊጉ የክስ ደብዳቤ ጻፈ። ምን ብሎ ጻፈ መሰለሽ? "ከሰባት ሰዓት ተኩል በፊት ጀምሮ እኔ ራሴ ሜዳው ላይ ተገኝቼ፣ ስድስት ብቻ መሆናቸውን በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ በገዛ እጁ ፈረመበት። ሊጉም "መገኘትዎን ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን፤ ከእርስዎ ጋር ሰባት ናቸው" ብሎ መለሰለት። መልሱን ክበቡ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሦስት ጊዜ ቀደዱት፤ ሦስት ጊዜ ለጠፍኩት።

ደስታዬ ግን ሳምንት አልሞላም። የስቴንቤክ ኮሚቴ በቀጣዩ ሰኞ ተሰብስቦ የሄብልዌይትን ቡድን በድምፅ ብልጫ ዘጋው። ፎርፌም ሳይሰጡ፣ ሳይሰረዙም፣ እንዲሁ "ለአስተዳደር ይከብዳል" ብለው። እሱ እዚያ ክበብ ሃምሳ ሦስት ዓመት ተጫውቷል። ውሳኔውን የነገሩት በዋትስአፕ ነው። ሰዉ እንዲህ ረክሷል፣ ሞሪን።

ባለፈው ማክሰኞ በሬ ተንኳኳ። ሄብልዌይት ነው። ብሬንዳ መኪናው ውስጥ ሹራቧን ትሠራለች። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የጨዋታ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ደጃፌ ላይ ቆሟል፤ አይገባ፣ አይሄድ። ያ አፍንጫ መንፋቱ የለም። ይህን ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ስጠላው ኖሬአለሁ፤ አሁንም ኳሷ መሬት ነክታለች። ጫማ ጫማዬን እያየ "ኔቪል፣ ቦታ አለ ወይ?" አለኝ።

እህቴ፣ እኔ ይህን ቡድን ሃያ ሁለት ዓመት በአምበልነት መርቻለሁ። ሰው ለምኛለሁ፣ ከአልጋ ቀስቅሻለሁ፣ ከሠርግ ላይ ጎትቻለሁ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት "ቦታ አለ ወይ?" ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። የመመዝገቢያውን ቅጽ አውጥቼ ሰጠሁትና ዓይኑ ስለማያይለት እኔው ሞላሁለት።

ዴሪክን እቀፊልኝ፤ ሳሉን ሐኪም ይየው፣ በማር ብቻ አይዳንም። ኮሊን እዚያ ያለው ክበቡ አሥራ አራት ቡድን አለው ብሎ ጽፎልኛል፤ ጉረኛ ነው፣ ግን ሳሚልኝ። ሚስቱን ሰላም በያት፣ መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ፣ ለውሻው አንድ አሮጌ ጫማ ስጪው። ኢምቲያዝና ሂዩበርት በጣም ሰላም ብለውሻል። ነገ ሜዳው የእኛ ነው፤ ብሬንዳንም ጨምሬ ስምንት ነን።

ወንድምሽ ኔቪል ሆልድስዎርዝ
ክራግዴል፣ ዮርክሻየር
ዓርብ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር