በወይን አተላ የነጣ ብር

ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱ ጉልበትሽ ላይ አልበረታም? ወይኑስ ተለቅሞ አለቀ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ወንድምሽ ጊሻር፣ የንጉሡ ገንዘብ በሚመታበት ቤት አለቃ ከሆነ ወዲህ ዘመድ መሆኑን ረስቷል፤ ከሰል ከሚከመርበት ክፍል አስገብቶ ቆልፎብኛል። መስኮቱ ጭንቅላቴን እንኳ አያሳልፍም። ከታች መዶሻው ባረፈ ቁጥር ወለሉ ጥርሴን ያንገጫግጨዋል።

ጥፋቴ ማንበብ መቻሌ ነው። ገና ያልተመታውን ብር እየቆረጥን የምንመዝን ሴቶች በሙሉ በወንጌል እንድንምል ተጠራን። ሌሎቹ ማሉ። እኔ የምምልበትን ጽሑፍ ሳላነብ አልምልም ብዬ ተቀብዬ አነበብኩት። ግሮ በሚባለው በአዲሱ የንጉሡ ገንዘብ ውስጥ ምን ያህል ንጹሕ ብር እንደቀረ ለማንም፣ ለእናት ለአባትም ቢሆን፣ እንዳንናገር ነው የሚያስምሉን። "ለእናት" ከሚለው ስደርስ እጄን ከወንጌሉ ላይ አነሣሁ።

አጎቴ፣ "ያቺ እናትሽ ፊደል ባታስቆጥርሽ ኖሮ ይሄኔ እንደ ሰው ትሠሪ ነበር!" ብሎ ጮኸብኝ። ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያው ነጭ ነው፣ ያው መስቀል አለበት፤ ማን ያውቃል?" አለኝ። "የቆረጥኩት እኔ አውቃለሁ" ስለው በጥፊ አጮለኝ። እስክምል ከዚህ አልወጣም።

ኦዲየርን የምትባል አጠገቤ የምትሠራ አሮጊት ዳቦ ስታቀብለኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ ማዪና ውጪ እንጂ! ንጉሡ እንደሆነ ስምሽን ገንዘብ ላይ አያስቀርጸው!" ትለኛለች። ተናድጄም ሳቅሁ።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ። ለቅዱስ ማርቲን በዓል አጎቴ የአባቴን የወይን ቦታ ከአንቺ ሊገዛ እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። የሚያመጣልሽ ገንዘብ እንደ በረዶ የነጣ ነው። የነጣው በጨውና በወይን አተላ ተቀቅሎ ነው። አንዱን አንሺና መስቀሉን በአመድ ፈትጊው። መስቀሉ ይቀላል፤ ከሥሩ መዳብ ነው። ያን ጊዜ ዓይን ዓይኑን እያየሽ፣ "የድሮውን ብር ካላመጣህ መሬቴን አልሸጥም" በዪው። ማን ነገረሽ ካለ አመዱን አሳዪው።

ደብዳቤውን ዛሬውኑ አሮጊቷ ኦዲየርን በቅርጫቷ ደብቃ ታወጣዋለች። እሷ ምላለች፤ የያዘችውን ማንበብ ስለማትችል ግን መሐላዋን አታፈርስም።

ነገ ጠዋት ቄሱ ወንጌሉን ይዞ ሲመጣ እጄን ታጥቤ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ብር ብትጠይቂኝ አንድ ቃል አልመልስልሽም፤ አትቀየሚኝ።

እግዚአብሔር በርሜልሽን አያጉድልብሽ፤ ደጅሽን ከሩቁም ከቅርቡም ሌባ ይጠብቅልሽ።

ገና ያልማለችው ልጅሽ