ኬላ ላይ የተከፈተው ደም

ሰኞ፣ ሆሳዕና ከተማ

ትኩሳቱ አልወረደም። ባሌ ሄራሞ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ከተደረገ ወዲህ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፤ መርፌው በዛ፣ እሱ ግን እየከሳ ነው። ከፎንቆ የመጡት እናቱ፣ አማቴ፣ ከእግሩ ሥር አይነሱም።

ዶክተሩ ደሙ ውስጥ ፈንገስ ገብቶ ይሆናል አለኝ። ከሆነ እስከ ዛሬ የተሰጠው ሁሉ ከንቱ ነው። የሚያጠፋው መድኃኒት ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። "በግምት አልሰጥም" አለ። ከሁለቱም ክንዶቹ ደም ቀድቶ በሁለት ጠርሙስ አሸገ። ምርመራው አዲስ አበባ እንጂ እዚህ የለም። እንዳይቀዘቅዝ፣ እንዳይከፈት አለኝ። ነገ እኔው ይዤ እሄዳለሁ። ክፍሌን ሌላ አስተማሪ ይይዝልኛል።

ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

ጠርሙሶቹን ሆዴ ላይ በነጠላ አስሬ ተሳፈርኩ። ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወረዱን።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ጠባቂው።

የባሌ ደም ነው አልኩት። ሳቀ። የሆስፒታሉን ወረቀት አላየውም። "ጓድ፣ ከተከፈተ ይበላሻል" ስለው ጭራሽ ባሰበት። አንዱን ከፈተ፣ ጣቱን በጠርሙሱ አፍ ላይ አዙሮ አሸተተና መለሰልኝ። ሁለተኛውን እንዳይነካ ተንበረከክሁ። ተሳፋሪው ሁሉ እያየኝ። ያን ጊዜ ተወኝ።

ምርመራ ክፍሉ በር ላይ አንዱ መከፈቱን ልደብቃቸው አሰብኩ። ከጣሉት ግማሽ ተስፋዬ ነው። ግን ነገርኳቸው።

ሐሙስ

"ገና ነው" አሉኝ። መድኃኒቱን ግን አገኘሁ። ትንንሽ ብልቃጦች ናቸው። ውጤት ሳይኖር ይዣቸው መዞር ያስፈራል።

ቅዳሜ

ከታሸገው ምንም አልበቀለም። ከተከፈተው ፈንገስ በቅሏል።

ባለሙያው መነጽሩን አወለቀ። "ከባልሽ ደም ይሁን ከዚያ ሰው ጣት፣ መለየት አልችልም።"

"የታሸገው ባዶ ከሆነ የለበትም ማለት ነው?"

"እሱንም አልልሽም። እያለበትም ላይበቅል ይችላል።"

ያንን ጠባቂ ረገምኩት። ምንም አልቀለለኝም።

እሑድ፣ ሆሳዕና ከተማ

ሄራሞ ማንንም አያውቅም። ዶክተሩ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ። "እንደገና ደም ልከን ብንጠብቅ እሱ አይጠብቀንም" አለ። "ብሰጠው ሊያድነው ይችላል፣ ሊገድለውም ይችላል። አንቺ ምን ትያለሽ?"

አማቴ በሀዲይኛ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። መድኃኒት ተገኘለት ብቻ አልኳቸው።

ስጡት አልኩ።

መድኃኒቱ ሲገባ አልጋው እስኪነቃነቅ ተንዘፈዘፈ። ጥርሱ ተንቀጫቀጨ። ትከሻውን ይዤ ስታገል ዓይኑን ገለጠ። "ማርታ፣ ምን አደረግሁሽ?" አለኝ። መያዜን አልተውኩም።

ማክሰኞ

ትኩሳቱ ወረደ። ግንባሩ ቀዝቅዟል። ጥቂት ሾርባም ጠጣ። አማቴ እያለቀሱ ግንባሬን ሳሙኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ደሙ እውነቱን ተናገረ።"

ዶክተሩ ግን የሽንቱን መያዣ አንስቶ ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ከትናንት ጀምሮ ሥሩ ብቻ ነው የረጠበው። ቀጣዩን መርፌ እንስጥ ወይስ እንተወው አልኩት።

"ኩላሊቱን እስከ ማታ እንይ" አለና ወጣ።

ሄራሞ ውሃ ለመነኝ። አጠጣሁት። አማቴ ለምስጋና ወደ ጸሎት ቤት ሄደዋል። እኔ መያዣውን እያየሁ ተቀምጫለሁ። ሽንቱን እጠብቃለሁ።