ቁይ የወሰድሁት ቁጥር

መድኃኔ ዓለም

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ስመኝ ናት፤ ነገሩ ግን የኔ የሙጨ ነው። ከራሷ አንዲት ቃል ብትጨምር ነገ ጎረቤታችን መሪጌታ ልየው ሲያነቡልኝ ትታወቃለች። የጻፈ አያነብም፤ የቤቴ ሕግ ነው። በጉብዝናዬ አንድ ጸሐፊ ያላልሁትን ጽፎ ያልሁትን አነበበልኝ፤ ጣቴን ቀለም ነክሬ ተጫንሁ፤ የአባቴ መሬት በዚያች ጣት ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል፣ እኔ እሰማለሁ።

ፊደል አልቆጠርሁም። አላፍርበትም። ደምበጫ ገበያ ፈረስ ስነግድ ኖሬ የአንዱን ፈረስ ዘር ከአንዱ አደባልቄ አላውቅም፤ ሁሉም በቃሌ ነበር።

ዛሬ ቁጥሩን ጨረስሁ።

ስመኝ ኮምፒውተር አስተማሪ ናት። ቤት ስትገባ ደግሞ ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራ አላት። ሊኑክስ የሚሉት ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነገር አለ፤ አንድ ባለቤት የለውም፣ የሁሉም ነው ትላለች። እሷና በየከተማው ያሉ ጓደኞቿ በዚያ ላይ የግዕዝ ፊደል የሚያስጽፍ ጥቅል ሠርተዋል። ስህተት ሲገኝ ያድሱታል፤ የታደሰውን ለፈለገ ሁሉ በነጻ ይሰጣሉ። «እንደ ደቦ ነው አባየ» አለችኝ። ደቦስ ጠላ አለው። የነሱ ደቦ ያለው ስድብ ብቻ ነው።

ባለፈው አንድ ክፉ ሰው ጥቅሉን ነካክቶ በሷ ስም በተነው። አንድ የአብነት ትምህርት ቤት ተቀብሎ ቢያስገባው፣ የኔታ ስንት ዓመት ያጻፉት ሁሉ ጠፋ። የተረገመችው እሷ ናት። ስለዚህ አሁን ቁጥር አለ። ከጥቅሉ ከራሱ የሚወጣ ረጅም ቁጥር ነው፤ በጥቅሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትነካ ቁጥሩ እንዳለ ይለወጣል። ጥቅሉ በፍላሽ ከሹፌር ጋር ይሄዳል፣ ቁጥሩ ከሌላ ሰው ጋር። ተቀባዩ ሁለቱን ያስተያያል፤ ካልገጠመ አያስገባም።

አሁን ጥቅሉን የሚጠብቀው ቁይ ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ ስልኩም ኔትወርኩም ከጠፋ ሰንብቷል። በወረቀት እንዳይላክ፣ ባለፈው የመንገድ ፈታሾች «ይህ የምን ምልክት ነው?» ብለው የያዘውን ሰው ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። በራሴ ልያዘው ያልሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሳቀች። አሁን አትስቅም።

ርዝመቱ ስልሳ አራት ምልክት ነው። ከቁጥሩ መሐል ስድስት የፈረንጅ ፊደሎች እየተመላለሱ ይገባሉ። በተራቸው በስድስት ፈረሶቼ ስም ጠራኋቸው፦ ዳማ፣ ቡላ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ፣ ቦራ፣ መጋል። አራት አራቱን አንድ ቤት አደረግሁት፤ ዐሥራ ስድስት ቤት ሆነ። እንዳልሁት ጻፊው፦ ሰባት ዳማ ሦስት ቡላ። ዜሮ ጉራቻ ጉራቻ ስምንት። ሌላውን ከገጹ ጀርባ ጽፋዋለች፣ ሁሉንም።

አንድ ነገር ልናገር። ታላቅ ወንድሜ አንለይ ሊሞት ሲል የአርባ ዓመት ሚስቱን «አንች የማን ልጅ ነሽ?» ይላት ነበር። እኔም ባለፈው ሳምንት ቁልፉን በእጄ ይዤ ቁልፍ ስፈልግ አረፈድሁ። ይህን ቁጥር የያዝሁት ለስመኝ ብዬ ብቻ አይደለም።


አማኑኤል

ጠዋት ነው። መሪጌታ የትናንቱን ሊያነቡልኝ መነጽራቸውን ሲያወጡ ሚኒባሱ ሊሞላ ነው ተባለ። ሌላ ቀን አልሁ። ፍላሹ ትናንት አመሻሹ ላይ ከሹፌሩ ጋር ሄዷል። ስመኝ ልፈትንዎ አላለችም። እኔም አልለመንኋትም።

ሰባት ዳማ ሦስት ቡላ። በቃ፣ ዝጊው።


ባለ እግዚአብሔር

ጻፊ። ፊትሽን አታዙሪ፣ ጻፊ።

ትናንት ፈታሾቹ ከመኪና አወረዱን። አንዱ ለጋ ኪሴን ገልብጦ «ምንም አልያዙም እንዴ አባቴ?» አለኝ። «ያለኝ ራሴ ላይ ነው» አልሁት። ሳቀና አሳለፈኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ጻፊው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቁይ አስማረ ጠበቀኝ። የትምህርት ቤቱን አሮጌ ኮምፒውተሮች የሚጠግን ሰው ነው። አምስት ሆነው ነበር፣ ሌሎቹ መምህራን ናቸው። ወንበር ሰጡኝ። አልተቀመጥሁም፤ መልእክት ቆሞ ነው የሚነገረው። ፍላሹን ሰካው፤ ኮምፒውተሩ የጥቅሉን ቁጥር ሲያወጣለት «ይበሉ አያ ሙጨ» አለኝ።

«ሰባት ዳማ...»

«ቆይ ቆይ። ሰባት አይልም።»

«ሰባት ነው።»

«ዘጠኝ ዘጠኝ ነው የሚለው። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ሲ፣ አንድ።»

ከሁለተኛው ቤት ልጀምርልህ አልሁት። አልገጠመም። ሦስተኛው አልገጠመም። ዐሥራ ስድስቱንም እስከ መጨረሻው አልሁ፤ ማንም አላቋረጠኝም። ቢያቋርጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዱ አፉን በእጁ ይዞ ወጣ፤ ከደጅ ሲስቅ ሰማሁት። አንዷ መምህርት ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የኔንም አያት እንዲሁ ነው የጀመራቸው» አለች። ዝቅ ያደረገችው እንዳልሰማ ነው። ጆሮዬ ገና ደህና ነው።

«ጥቅሉ ተነክቶ ቢሆንስ?» አልሁ።

አስማረ ትከሻዬን ያዘኝ። «ሹፌሩ ፍላሹን ከስመኝ እጅ ተቀብሎ በኔ እጅ ነው ያስረከበኝ። ማንም አልነካውም አባቴ። ረስተውት ነው፤ ያለ ነው።»

ያለ ነው አለኝ። እሱው ቤት አደርሁ። እራት አቀረቡልኝ፣ እንደ ሕፃን አጎረሱኝ። ለካ እንዲህ ነው የሚጀመረው።


ማርቆስ

የደብራችን ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም። ሰው «ቁይ እንዴት ነበር?» ይለኛል።

ስመኝን «ቁጥሩን አውጭና ፈትኝኝ» አልኋት። ኮምፒውተሯን ከፈተች። ዐሥራ ስድስቱን ቤት አወረድሁት።

«ስንቱን ሳትሁ?»

«ይረፉ አባየ።»

«ስንቱን ሳትሁ አልሁሽ!»

«ይረፉ።»

ሰው ሞቶበት ያልተረዳን እንዲህ ነው የሚያባብሉት።

ከሰዓት ሹፌሩ ከቁይ መልእክት አመጣ፤ የላከው አስማረ ነው። ቁጥር ስላልገጠመ አላስገባነውም፣ እስከዚያው በአሮጌው እንሠራለን፣ ደግሞም እባክሽ አዛውንቱን ከእንግዲህ አትላኪብን፣ አሳዘኑን ይላል። ሹፌሩ ለኔ ሊነግረኝ አልፈለገም፤ ጎትጉቼ አናገርሁት።

ያደረግሁት፦ የበሩን ቁልፍ ለስመኝ ሰጠኋት። የነሐስ ጌጥ ያለበትን የፈረስ ልጓም ለማን እንደሚሆን ነገርኋት። ከምድጃው ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ፣ አንለይን ሲዘነጋ ያቃጠለው የምድጃ እሳት ነበርና። አንድ ቀን ሚስቴ በሕይወት ያለች መስሎኝ ብጠራት አትሳቁብኝ ብዬ ተናገርሁ። ስመኝ አለቀሰች። ደካማ ናት አልሁ በልቤ። ጻፊው፣ ደካማ ናት ብያለሁ።


ልደታ

መሪጌታ መጡ። «አንቱ ሙጨ፣ ለማርቆስ እንኳ የማይወጣ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው?» አሉኝ።

«ራሱ የጠፋበት።»

«ራስዎ ቢጠፋም ጆሮዎ አለ፤ የከረመውን ላንብብልዎ።»

ከመጀመሪያው ቀን ጀመሩ። ገጹን ገለበጡና ጀርባውን ማንበብ ያዙ። «ሰባት ዳማ ሦስት ቡላ። ዜሮ ጉራቻ ጉራቻ ስምንት።» እኔ ከኋላ እየተከተልሁ አልሁት። ሦስተኛው ቤት ላይ ቀደምኋቸው። ስድስተኛው ላይ መሪጌታ ንባቡን ትተው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየሳቡ እኔን መከተል ጀመሩ። ዐሥራ ስድስተኛው ላይ ደብተሩን አስቀመጡት።

«አንዲት አልሳቱም» አሉ።

ተነሣሁ። ጉልበቴ አላመመኝም። ስመኝ በሩ ላይ ቆማለች። ይህ ደብተር በሷ እጅ፣ ቁጥሩ ከመሄዱ በፊት የተጻፈ ነው። ራሴ ላይ ያለው ከደብተሩ ገጠመ። ያልገጠመው ጥቅሉ ነው።

«ነካሽው?» አልኋት።

«አባየ...»

«ቁይ የተነበበልኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ጉራቻ አንድ ነው። ዳማ ኤ፣ ቡላ ቢ፣ ጉራቻ ሲ። እሱንም አልረሳሁትም። ነካሽው?»

ነክታዋለች። መድኃኔ ዓለም ዕለት እኔ ቁጥሩን አጽፌ ከሰዓት ጋደም ብዬ ሳለሁ አንድ ነገር አገኘች፤ ጥቅሉ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ይደነዝዛል። የአስማረ ሁሉም አሮጌ ናቸው። አደሰችው፣ በፍላሹ ላይ ጫነችው፣ ሹፌሩ ቸኩሏል፣ ሰጠችው። ቁጥሩ እንደሚለወጥ ለኔ ያስተማረችኝ እሷ ነበረች፤ ከጥድፊያዋ ረሳችው። የረሳችው እሷ ናት።

ይህስ ይሁን፣ ሰው ነው። ግን ከቁይ ስመለስ አውቃለች። «ዘጠኝ ዘጠኝ» ስል ብዕሩ በእጇ ነበር። በማግስቱ ስትፈትነኝም የድሮው ቁጥር ፊቷ ነበር፤ ሁሉንም እንዳልሁት አይታለች። ቁልፌን ስሰጣትም ተቀበለችኝ።

«ለምን?» አሉ መሪጌታ። እኔ አልጠየቅሁም።

«ቁጥር ከወጣ በኋላ ጥቅል መንካት ያ ክፉ ሰው እንደሠራው ነው የሚቆጠረው። ባልደረቦቼ ቢሰሙ ከእጄ ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ» አለች።

እና የአባቷን ራስ ሰጠች።

እያለቀሰች ነው የምትጽፈው። አልተውኋትም። «ደካማ ናት» ያልሁትን ሰርዢና «ፈሪ ናት» ብለሽ ጻፊ አልኋት። መሪጌታ «ሙጨ፣ ተዉ እንጂ» አሉ። ሁለቱንም ተይው አልሁ፣ ሳይሰረዝ።


ታዴዎስ

ዛሬ ቁይ ሄደን መጣን፣ አብረን። ወንበር ሲሰጧት «ቆመሽ ተናገሪ» አልኋት። በአምስቱ ፊት ተናገረች፤ ወጥቶ የሳቀውም ባለበት። አስማረ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ። መምህርቷ «ይቅር ይበሉኝ አባቴ» አለች።

«ከቁጥሩ አራት ቤት በቃልሽ በይልኝና ይቅር እልሻለሁ።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሌሊቱን በራሴ ይዤው ያደርሁትን አዲሱን ቁጥር እዚያው አልሁላቸው፤ ገጠመ፤ አስገቡት። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች አልደነዘዙም። ይህን አልክድም፣ እድሳቱ ጥሩ ነው።

ስመኝ ለደቦ ጓደኞቿ ሁሉን ጽፋ ልካለች። ጥቅሉ በእጅሽ ይቆይ አይቆይ እንመካከራለን ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም። ስልኳን እያየች ነው። ቢወስዱባትም እውነታቸው ነው አልኋት። ቁልፌን ግን መልሼ ወስጃለሁ፤ ልጓሙም የኔ ነው፣ ገና አልሞትሁም።

ዲማ አገር ያሉት ደግሞ ጥቅሉን ይፈልጋሉ። መንገዱን አውቀዋለሁ።

ዛሬ መሪጌታን አልጠራሁም። አንች ራስሽ አንብቢው፣ «የአባቷን ራስ ሰጠች» ካልሁበት ጀምሪ። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። አንዲት ቃል ብትዘልዪ አውቃለሁ። አንብቢ።