የአህያዋ የመጨረሻ ጉዞ ወደ ሬንሰነብ መቃብር

ውድ ባሌ ሬንሰነብ፣

ዛሬስ አንጀቴ አሮ ነው የመጣሁት። ይህ ሦስተኛው ሳህን ነው። በሁለቱ ላይ ደብዳቤ አጽፌ፣ ዳቦ ሞልቼ መቃብርህ ላይ ትቼልህ ሄጃለሁ። ሙታን ለዘመዶቻቸው ይደርሳሉ ይባላል፤ አንተ ግን ጭጭ! በቁምህም እንዲሁ ነበርክ።

ነገሩ ይኸውልህ። የልጃችን የኢቢ አማት ያኪን ሊሞት ነው። ገዢዎቻችን ሂክሶሶቹ ሙታናቸውን ግቢያቸው ውስጥ እንደሚቀብሩ ታውቃለህ፤ ለትልቅ ሰው ደግሞ ወደዚያኛው ዓለም የሚጓዝባት አህያ መቃብሩ በር ላይ ትታረዳለች። የእነሱ አህዮች አምና በበሽታ አልቀዋል፤ የቀረችው የእኔዋ ብቻ ናት። ታዲያ የኢቢ ባል ሃኑን ደጄ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ አባቴ በእግሩ ይሂድ?» አይለኝም!

«ይሂዳ! ምን የመሰለ እግር አለው» አልኩት።

ኢቢ ከኋላው ብቅ አለች። «እማዬ፣ አሁን ቀልድ ነው?»

«የምን ቀልድ! አባትሽ ጋ የምታደርሰኝ ይቺ አህያ ናት። የሁለት ቀን መንገድ በዚህ ጉልበቴ ልሄደው ነው?»

«እምቢ ካልሽ በባሌ ቤት በምን ፊቴ እኖራለሁ?» ብላ አለቀሰች።

ይህን ሁሉ ያመጣህብኝ አንተ ነህ። ዕድሜህን ሙሉ ለእነዚህ ባዕድ ገዢዎች እንጨት ስትጠርብ ኖርክ፤ የያኪንን የግቢ በር የሠራኸው አንተ፣ የወይራ ዘይታቸውን በዳቦ ጠርገህ የበላኸው አንተ! ልትሞት ስትል ግን «ለእነሱ መገዛቴ ይበቃል፣ አባቶቼ ጋ ውሰዱኝ» ብለህ አስማልከኝ። «ሚስቴስ በምን ትመጣለች?» አላልክም። ይህን የሚጽፍልኝ ጸሐፊ «እትዬ፣ ሳህኑ ሊሞላ ነው» ይለኛል። ይሙላ!

እኔም ወደ ያኪን ሄጄ «አንድ ጊዜ ባሌን ልየውና አህያዋን ውሰዷት» አልኩት። ከትራሱ ቀና ማለት አቅቶት እንኳ ሳቀ። «ሂጂ፣ እስክትመለሺ አልሞትም። ለሬንሰነብም ሰላም በይልኝ። ደግሞ ስሚ፣ በግቢያችን ላንቺም ቦታ አለ» አለኝ።

አየህ? ባዕዱ ሰውዬ ሞቱን ይዞ ይጠብቀኛል። የእኔው ባል አንድ ቀን በሕልሜ እንኳ አልመጣም።

እሺ ብዬዋለሁ ሬንሰነብ። የምተኛው እዚያ ነው፣ ኢቢ ዳቦ ከምትጋግርበት ምድጃ አጠገብ፣ የልጆቿን ጫጫታ እየሰማሁ። ከእንግዲህ እዚህ አልመጣም። ይህን ስናገር ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ። የምትወደውን ሽንኩርት አልረሳሁም፣ ከዳቦው ሥር ነው።

ያኪን እየጠበቀኝ ስለሆነ ልሂድ። ከናፈቅኩህ አንተው ና። በሩ ያው የሠራኸው ነው፣ ገፋ ስታደርገው ይከፈታል።

ሚስትህ ሰነብቲሲ