ጸበል ልትቀጂ የወረድሽበት ቀን

ቀየት፣ የካቲት 15 ቀን 1961 ዓ.ም.

ውድ ወለተኪዳን፣

በሕይወት ሳለሽ የሌላ ሰው ደብዳቤ ሲመጣ አነብልሽ ነበር እንጂ አንድም ቀን ጽፌልሽ አላውቅም። ካረፍሽ ስድስት ዓመት አልፎ ዛሬ ብዕር ማንሣቴ ለራሴም ግራ ገብቶኛል። ያዘዘችኝ ልጃችን ተናኘወርቅ ናት። ነገ መቃብርሽ አጠገብ ሳነበው ቆማ ልትሰማ ነው። ስለዚህ ማድበስበሻ የለኝም፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም።

ከጡቷ ልጀምር። አባት ስለ ልጁ እንዲህ አይጽፍም፤ ይቅር በይኝ። ግራ ደረቷ ሜዳ ሆኖ እንደቀረ፣ ከቀሚሷ ሥር ባዘቶ እየጠቀጠቀች እንዳደገች ታውቂያለሽ። አንቺ ካለፍሽ በኋላ ባሏ አፈወርቅ ለመንግሥት ሥራ ሮም ሲላክ አብራው ሄደች። እዚያ አንድ ሐኪም ቆዳዋን ከፍቶ፣ ሰው የሠራው እንደ ተላጠ እንቁላል የሚለሰልስ ነገር ከትቶ ሰፋላት። ደብዳቤዋ «አሁን ሙሉ ሰው ሆንኩ» ይል ነበር። እኔ ጥርስ ያስተከለች መስሎኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

አራት ዓመት ተሸከመችው። ባለፈው መስከረም ግን ያ ለስላሳ ነገር እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ክንዷን ማንሣት አቃታት፤ ትኩሳትም ይመላለስባት ጀመር። አዲስ አበባ ተመልሰው ነበርና እዚያ ያያት ሐኪም ይውጣ አላት። እሷ እሺም እንቢም ሳትል ኅዳር ላይ እዚህ መጣች።

«ባስወጣው እንደ ድሮዬ ልሆን ነው» አለችኝ። «ብተወው ይጎዳሻል ይሉኛል። አፈወርቅ እንደ ወደድሽ ብሏል። እርስዎ ምን ይላሉ አባባ?»

ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ወልደ አማኑኤል ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ከምን እንደ ተሠራ ነው። አላውቅም አልኩ። ከእንስሳ ይሆን አሉ። እሱንም አላውቅም። መስቀላቸውን አገላበጡና፣ «ስታስተኩሳት ማንን ጠየቅህ?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ለእኔ ነግረኸኛል ወልደ ጻድቅ። ለልጅህስ?»

ወለተኪዳን፣ ያን ቀን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም በአፌ ጠርቼው አላውቅም። ልጅቱ የስድስት ወር ነበረች። ውጋት ይዟት ታቃስታለች። አንቺ ልጄን እሳት አይነካትም ብለሽ ጸበል ልትቀጂ ወረድሽ። ዳገቱን ተመልሰሽ ሳትወጪ ውጋት የሚተኩሰውን ጫኔን ጠራሁት። የተኮሰበት ማጭድ የእኔ ነበር። ጫፉን ፍም ውስጥ አግሎ ደረቷን ሦስት ቦታ ነካት፤ አንዱ ጡቷ ላይ አረፈ። የያዝኳት እኔ ነኝ። አንቺ ስትመለሺ ጸበሉን ቁስሏ ላይ አፈሰስሽላት እንጂ አንድ ቃል አልተናገርሽኝም። በሳምንቱ ዳነች። ጸበልሽ ይሁን እሳቴ ያዳናት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ይህን ባለማወቄ ውስጥ ተሸሽጌ ኖርኩ። በዚያው ማጭድ ደግሞ ስንት ዓመት ገብስ አጨድኩ።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ማን እንዲህ እንዳደረጋት ጠየቀች። አንቺ እኔን አየሽ። እኔ ጋቢዬን አየሁ። «እኔ ነኝ» አልሻት። ከዚያ ወዲህ ከእጅሽ ጎርሳ አታውቅም። ልትሞቺ ስታጣጥሪ እንኳ በር ላይ ተቀምጣ አልቀረበችሽም። አፌ ያን ጊዜም አልተከፈተም።

ከአባ ዘንድ ስመለስ «ይውጣ ልጄ» ብቻ አልኳት። ከገና በኋላ ወደ አዲስ አበባ ወረድን። በቅሎዋን እየሳብኩ አሁን ልንገራት እላለሁ፤ አውቶቡሱ ውስጥም አሁን እላለሁ። ሐኪም ቤቱ በር ላይም እጇን ለቀቅሁ እንጂ አልነገርኳትም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነርሷ በወተት ዱቄት ጣሳ የወጣውን ነገር ይዛ መጥታ ማን ይረከባል አለች። አፈወርቅ ጣሪያውን አየ። እኔ ተቀበልኩ።

ስንመለስ ከመኪናው መንገድ ጀምሮ ጎረቤት በቃሬዛ አመጣልን። አዲስ የጓሳ ሣር አስገብቼ መኝታዋን አለሰለስኩላት። ቁስሏን እህትሽ አረጋሽ ታጥብላታለች። ጣሳውን ምን እንደማደርገው ጨነቀኝ፤ አንዴ ከምሰሶው እሰቅለዋለሁ፣ አንዴ ከአልጋዬ ሥር አኖረዋለሁ። አረጋሽ አይታኝ፣ «ጋሼ፣ ሥጋ አይደል አትቀብረው፣ ዕቃ አይደል አትሠራበት፤ ታቅፈኸው የምትዞረው ሊፈለፈል ነው?» አለችኝ። ተናኘወርቅ ቁስሏን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን አራት ዓመት ከልጄ ጋር የኖረን ነገር እንዴት እንደምጥለው አሁንም አላውቅም።

ክንዷ እንዳይደርቅ በየቀኑ ጣቶቿን ግድግዳው ላይ እያስኬደች ከፍ እንድታደርግ ሐኪሙ አዟል። የደረሰችበትን በከሰል የማሰምርላት እኔ ነበርኩ። በዘጠነኛው ቀን አመማትና ግንባሯን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ምን አደረግሁሽ?» አለች።

«እናትሽ አይደለችም» አልኳት። ከሰሉን እንደ ያዝኩ ሁሉንም ነገርኳት።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ከአረጋሽ እጅ ካልሆነ እህል አልቀመሰችም። ግድግዳው ላይም ምልክት አልተጨመረም። ወይ ቀድሜ በነገርኳት፣ ወይ ጭራሽ በተውኩት እያልኩ ከቤት በረት፣ ከበረት ቤት ስል ዋልኩ።

በአራተኛው ቀን ጠራችኝ።

«በየትኛው እጅዎ ነው የያዙኝ?»

«በሁለቱም።»

እጆቼን ብዙ አየቻቸው። «ለእሷ ነግረዋታል?»

«እሷማ ታውቃለች።»

«ማወቁንስ ታውቃለች። ከእርስዎ አፍ አልሰማችም። እኔም የምላት አለኝ፤ ግን መጀመሪያ እርስዎ ይንገሯት።»

ከዚያ ተነሥታ ጣቶቿን ግድግዳው ላይ አስኬደች። እጇ ከቀድሞው ምልክት በታች ቆመባት። ፊቷን ሳትመልስ «ይደግፉኝ» አለች። ክርኗን በሁለት እጄ ይዤ ከፍ አደረግሁላት። ማጥበቅም ማላላትም ፈራሁ። ምልክቱን በአንድ ጣት አለፈችው። ይቅር ብላኝ ይሁን ክንዷ አስቸግሯት፣ አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም። አሰመርኩላት።

ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ የስምሽ ቀን። ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን። ማንበብ ቢያቅተኝ፣ ድምፄ ቢሰበር፣ የሚከተለውን ብቻ እንኳ ሳልል ከመቃብርሽ እንዳልመለስ ለልጅሽ ቃል ገብቻለሁ።

ወለተኪዳን፣ ልጃችንን ያስተኮስኳት እኔ ነኝ። አንቺ ጸበል ልትቀጂ ወርደሽ ነበር።

ባልሽ
ወልደ ጻድቅ