ሞቃ የጠበቀችኝ ፒካፕ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4

ዛሬም አልነሳም አለች። ቁልፉን ባዞር ባዞር ታቃስታለች እንጂ ወይ ፍንክች። ነጭ ጭሷን በግቢው ሙሉ ለቀቀችውና ጸጥ። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ወጡ። ገፉልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ በስንት መከራ ተነሳች። ሌላ አገር ቢሆን ቁልቁለት ላይ አሳድራት ነበር። ባሕር ዳር ግን ሜዳ ነው፤ ቁልቁለት ከየት ይምጣ?

ሐይቁ ዳር ስደርስ ፀሐዩ ከርሯል። ዓሣ የሚያስረክበኝ አስጋሪው ኡመር ቀረሶ ዓሣውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። «እትዬ የሺ፣ ዓሣው በእግሬ ልሂድ ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ የያዝሁት» አለኝ። ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ሐሙሲት ከተማ ሳደርሰው ግን ዓሣ የምትረከበኝ የሆቴል ባለቤት አሸተተችውና ግማሹን መለሰችብኝ። ጾም ነው እኮ! ካህናቱ ባይወዱትም በጾም ሰው ሁሉ ወደ ዓሣ ይዞራል። የእኔ መከር ይኸ ነው። ይኸ ካመለጠኝ እስከ ዐቢይ ጾም ምን ልበላ ነው?

ይችን ፒካፕ የገዛሁት ለምን ነበር? የድሮዋ ቤንዚን መኪናዬ ትርፌን ስለጠጣችብኝ። ሐሙሲት ሄጄ፣ መራዊ ደርሼ ስመለስ ድካሜ ሁሉ ማደያ ይቀር ነበር። ሁሉም ሰው «ናፍጣ ግዢ፣ ያረጀም ቢሆን ናፍጣ ሩቅ ይሄዳል» አለኝ። ቤንዚኗን ሸጥሁ፣ የአንገት ሀብሌን ጨመርሁ። ይኸው ወር ሳይሞላት።

የሸጠልኝም ባዳ አይደለም። ጌታነህ ነው፣ የአበልጄ የስንዱ ባል። ስንዱ ልጄን ማኅሌትን በሰማንያ ቀኗ ታቅፋ ክርስትና ያነሳቻት ናት። ከዘመድ ልግዛ ብዬ ነው እንጂ የደላላ መኪናማ መች ጠፋ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 5

መካኒክ ጋ ወሰድኋት። ያለኝን እንዳልረሳ ልጻፈው፦

ፋሻዋ አልቋል። (ፒስተኑ ላይ የሚታሰር ቀለበት ነው አሉ።)
ስትቀዘቅዝ ጉልበት የላትም። አንዴ ከሞቀች ግን ማንም አያውቅባትም።
ጭሷ እንዳይታይ ወፍራም ዘይት ተሞልቶባታል።
ሞተሯ ወርዶ መሠራት አለበት።

«ናፍጣውንስ ትቆጥባለች?» አልሁት። «ከናፍጣው ይልቅ ዘይቱን ነው የምትጠጣብዎት፣ እናቴ» አለኝ። ደግ ልጅ ነው፣ ሲናገር እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነው። ቀጠለና «ሲገዟት ቀዝቅዛ ሳለች አስነስተዋት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

የት አስነስቻት!

ላያት በሄድሁ ቁጥር ሞተሯ እየሠራ ነበር። ጌታነህ በሩ ላይ ቆሞ «ለአንቺ ብዬ አሙቄ ጠበቅሁሽ» ይለኛል። እኔ ሞኟ እንደ መስተንግዶ ቆጠርሁለት! አመሰገንሁት እኮ። ማኅሌት ያኔ «እማ፣ መካኒክ ይዘሽ ሂጂ» ስትለኝ ተቆጣኋት። «ክርስትና እናትሽን እንደ ሌባ ላስፈትሻት? በአበልጅ መሐል መካኒክ ምን ይሠራል?» አልኋት። ነውር መስሎኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

ሳልደውል ሄድሁ።

ያኔ መኪናዋን ለማየት ስቀጠር ስንዱ ሁልጊዜ «አዲስ ውሻ አምጥተናል፣ ክፉ ነው፣ ሳትደውይ እንዳትመጪ» ትለኝ ነበር። እኔም እደውላለሁ። ስደርስ «ታስሯል፣ ግቢ» ትለኛለች፤ እገባለሁ። ዛሬ ለውሻው ብዬ ድንጋይ ይዤ ነው የገባሁት።

ውሻ የለም። ሰንሰለት የለም። የሚበላበት ሳህን እንኳ የለም። ያሉት ዶሮዎች ናቸው፣ እነሱም አላዩኝም።

ስንዱ ልብስ ታሰጣለች። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ ድንጋዩን።

«ውሻው የታለ?» አልኋት።

«ሞተ።»

«መቼ?»

«እ... ሰሞኑን።»

እጇ ላይ የነበረው አንሶላ መሬት ወደቀ። አላነሳችውም። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። እኔ ስደውል ጌታነህ ሄዶ ሞተሩን ያስነሳል። እኔ በባጃጅ እስክደርስ መኪናዋ ሞቃለች። ውሻው ስልኬ ነበር እንጂ ሌላ ውሻ የለም።

ጌታነህ ድምፃችንን ሰምቶ ወጣ። ነገርሁት፣ መካኒኩ ያለውን ሁሉ። ሳቀ እኮ! «የሺ፣ አሮጌ መኪና ነው የገዛሽው። አሮጌ ሰውስ ቢሆን ጧት መች ቶሎ ይነሳል?» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ውሉን አንብቢው። አይቼ፣ ወድጄ፣ ፈቅጄ ገዝቻለሁ ብለሽ ፈርመሻል» አለ።

«እኔ ያየሁትማ የሞቀችዋን ነው» አልሁት።

ስንዱ የደረቀ ልብስ ይዛ ትጨምቃለች።

ከሱ ይልቅ እሷ። እሱ ነጋዴ ነው፣ ለገበያ ምላሱን ይስላል፣ ዱሮም አውቀዋለሁ። ስንዱ ግን አራስ ቤት ገንፎ አገንፍታ ያጎረሰችኝ ናት። ባሌ የሞተ ጊዜ አርባው እስኪወጣ ከጎኔ ያልተለየች ናት። ያች ስንዱ ናት ስልክ ዘግታ «ደወለች፣ ተነስ አሙቃት» ያለችው። ይኸን እያሰብሁ ምሳም አልበላሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7

ቅዳሴ ላይ ስንዱን አየኋት። ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ስንወጣ ማኅሌት ልትስማት ስትሄድ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስባ ቶሎ ሄደች።

«ክርስትና እናቴን ምን አድርጌያት ነው?» አለችኝ ልጄ።

«ራሷን አሟት ይሆናል» አልኋት። ለሷ ዋሸሁላት። ምን ዓይነት ነገር ነው ይኸ?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ድል! ትንሽ ድል ናት፣ ግን ልጻፋት። ትናንት ማታ ኮፈኗ ላይ ብርድ ልብሴን ደርቤላት፣ በላዩ ጆንያ ጨምሬ አሳደርኋት። እኔ በጋቢ አደርሁ። ማኅሌት «እማ፣ ልጅሽ እኔ ነኝ ወይስ እሷ?» ብላ ሳቀችብኝ። ጧት ሁለት ሦስቴ አቃስታ ተነሳች! ዓሣው ሳይሞቀው ሐሙሲት አደረስሁ። የሆቴሏ ባለቤት ግን አሁንም ፊቷን አልፈታችልኝ። «የሺዬ፣ እወድሻለሁ፣ ግን እንግዳ በፍቅር አይጠግብም። አንድ ቀን ደግመሽ ካረፈድሽ ሌላ ሰው እይዛለሁ» አለችኝ። ሐቋን ነው።

ስመለስ ዘንዘልማ ስደርስ የዘይቱ መብራት በራ። ወርጄ ጨመርሁላት። ከናፍጣ ያተረፍሁትን ዘይት በላው። ድሌ እዚያው መንገድ ዳር ቀረች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11

ዛሬ ስለሆነው ነገር ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ብቻ።

አንድ ደላላ «ምን ትጨነቂያለሽ፣ ለሌላ ሽጫት» አለኝ። «መራዊ ገዢ አለኝ፣ ናፍጣ የሚፈልግ ሽንኩርት ነጋዴ። አንቺ አሙቀሽ ጠብቂው ብቻ።» አሙቀሽ ጠብቂው! ደላላው እንኳ ያውቀዋል፣ ያላወቅሁት እኔ ብቻ።

እሺ አልሁት። አዎ፣ እሺ አልሁ። ሀብሌ አንገቴ ላይ ተመልሶ ታየኝ። ሰውየው «ባሕር ዳር ገብቻለሁ፣ እየመጣሁ ነው» ብሎ ሲደውል ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። ከመኪናዋ ገባሁ። ቁልፉን ሰካሁት። ከዚያ መስታወቱ ላይ ፊቴን አየሁት፤ የጌታነህ ፊት መሰለኝ።

ቁልፉን ነቅዬ ደወልሁለት። «ወንድሜ፣ ዛሬ አትምጣ። ነገ ጧት በብርዱ ና፣ ቀዝቅዛ ሳለች ሞክራት» አልሁት።

«ምነው?» አለኝ።

«ከመጣህ ታየዋለህ።»

አይመጣም፣ አውቃለሁ። እኔም ብሆን አልመጣ።

ነገ የሚካኤል ማኅበራችን ነው። ጌታነህና ስንዱም ማኅበርተኞች ናቸው። ልቅር? ልሂድ? የተጣላ ሰው ጽዋ አይቀምስም፣ ሕጉ ነው። ብጠጣ ሚካኤልን መዋሸት ነው። ባልጠጣ ሰው ሁሉ ያውቅብኛል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12

ሄድሁ። ልከሳቸው አልነበረም፣ እውነቴን ነው። ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ሙሴያችን፣ የማኅበሩ አለቃ አያ ይርሳው፣ ጽዋውን አንስተው ዙር አስጀመሩ። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን አፌ ላይ አደረግሁና «ይለፈኝ» አልሁ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ከማን ጋር ነው፣ ልጄ?» አሉኝ አያ ይርሳው።

«ከዚሁ ቤት ሰው ጋር ነው፣ አያ።» ስም አልጠራሁም።

ጽዋው አለፈ። ጌታነህ ጋ ደረሰ። ጠጣው! ሳይጨንቀው ጠጣና ጢሙን ጠረገ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ እንባዬ መጣ፤ አሁን ነው የሸጠኝ አልሁ በሆዴ፣ መኪናዋንማ ያኔ ሸጠልኝ።

ከዚያ ለስንዱ አቀበላት። ስንዱ ያዘችው። ሳትቀምሰው ከፊቷ አስቀመጠችው።

«እኔንም ይለፈኝ።»

«አንችስ ከማን ጋር ነሽ?» አሉ አያ ይርሳው ተገርመው።

«እኛ ቤት ውሻ የለም» አለች ስንዱ። «ኖሮም አያውቅ።»

ማንም አልገባውም። ለእኔ ብቻ ነው የገባኝ። ጌታነህ «ምን ትዘባርቃለች ይች ሴት» ሊል አፉን ከፈተ፤ አያ ይርሳው በእጃቸው ዝም አሰኙት። ስንዱ እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች፦ ስልኩን፣ ማሞቁን፣ ወፍራሙን ዘይት። «ልቤን አንቆኝ ነበር» አለች።

ተፈረደ። ጌታነህ ሞተሩን በራሱ ወጪ ያሠራል። እስኪሠራ የራሱን መኪና ለእኔ ይሰጣል። እስኪፈጽም ድረስ ጽዋ አይቀምስም። «በሁለት ልብ ሚካኤልን አንጠራም» አሉት አያ ይርሳው። ጌታነህ «እሺ» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። እሺ ማለትና ማድረግ ሁለት ናቸው፣ እናያለን።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13

ጌታነህ አልመጣም። መኪናውንም አልላከ። እኔ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ብርድ ልብሷን ገፍፌ ቁልፍ አዞርሁ። ታቃስታለች፣ ጭስ፣ ጸጥ። ኡመር እየጠበቀ ነው። ሐሙሲት እየጠበቀች ነው።

በሩ ተንኳኳ። ስንዱ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ታጥቃለች።

«ሳልደውል መጣሁ» አለችኝ።

«ግቢ፣ እዚህም ውሻ የለም» ብዬ አረፍሁት። ከተናገርሁት በኋላ ነው የመረረኝ።

እጇን ዘርግታ ኮፈኗን ዳሰሰችው። መዳፏን እዚያው ላይ ትታ «ቀዝቃዛ ናት» አለች። እንባዋ መጣ። «እሱ ትናንት መኪናውን ለሰኞ አመጣለሁ ብሏል። ይዋሽ እውነት ይናገር አላውቅም። ከዚያ ወዲያ አላናገረኝም። እኔ ግን መግፋት እችላለሁ።»

ማኅሌት መሪ ያዘች። እኔና ስንዱ ከኋላ ትከሻ ለትከሻ ገፋን። አልተነሳችም። ቆመን ተነፈስን፣ አልተያየንም። ደግመን ገፋን። ነጭ ጭሷን ፊታችን ላይ ተፋችብንና ተነሳች። ሁለታችንም እስክናነባ ሳልን። ጭሱ ይሁን ሌላው እንጃ።

ዓሣውን በጊዜ አደረስሁ። ስንዱን ይቅር ብያት እንደሆነ አላውቅም። ስመለስ ግን በሐይቁ ዳር ቀረሶ መርጬ ገዛሁ፣ ለሁለት ቤት የሚሆን።